የመጨረሻው ጥቅል

በቤታችን ፍሪጅ ውስጥ፣ በቅቤው ዕቃና በሎሚው መካከል፣ አንዲት ትንሽ ሣጥን ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ ኖራለች። እናቴ ፍሪጁን ባጸዳች ቁጥር ታነሣትና «አንተ ልጅ፣ ይኼ መድኃኒት እስካሁን አላለቀም?» ትለኝ ነበር። መድኃኒት አልነበረችም። ኒዮፓን አክሮስ የሚባል የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ፊልም ነበረች፤ አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ ካመጣልኝ አምስት ጥቅሎች የተረፈችው የመጨረሻዋ። አምራቹ የጃፓኑ ፉጂፊልም ይህን ፊልም መሥራት እንደሚያቆም በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ካስታወቀ ወዲህ፣ ጥቅሏን ካሜራዬ ውስጥ ለማስገባት እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ለሚገባት ነገር ትቆይ» አልኩ። የሚገባት ነገር ሳይመጣ ግን ዓመታት አለፉ።

ነገሩ ለማይመለከተው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። አንዱ ፊልም ቢቀር ሌላ መግዛት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ይህ ጥያቄ ግን «አንድ ቃል ከቋንቋው ቢጠፋ በሌላ ቃል መናገር አይቻልም ወይ?» እንደ ማለት ነው። መናገርስ ይቻላል፤ ያንኑ ነገር መናገር ነው የሚቸግረው። የሚወዱት ፊልም የቀረባቸው ፎቶ አንሺዎች ምን አደረጉ? ታሪኩ ከአንዲት ጥቅል የሰፋ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲመረምሩት የሚያስደንቅ ነገር ነው። ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ጀላቲን አለ፤ በጀላቲኑ ውስጥ የተበተነ፣ ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ የብር ጨው አለ፤ ሁለቱ ተዋሕደው በቀጭንና ጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ ይቀባሉ። ብርሃን የነካው ቅንጣት በማጠቢያው መድኃኒት ወደ ብርነት ይለወጣል፤ ያልነካው ሟሙቶ ይሄዳል። በኔጌቲቩ ላይ የምናየው ጥቁረት እንግዲህ እውነተኛ ብር ነው። የቅንጣቱ መጠንና ቅርጽ፣ ለቀይና ለሰማያዊ ብርሃን ያለው ስሜት፣ በጥላና በብርሃን መካከል የሚሠራው ድልድይ ከፊልም ፊልም ይለያያል። አብዛኛው ፊልም በጨለማ ቦታ መዝጊያው ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ይደክማል፤ ፎቶ አንሺው ተጨማሪ ጊዜ እያሰላ መስጠት አለበት። አክሮስ ግን እስከ 120 ሰከንድ ድረስ እንዲህ ያለ ስሌት አይሻም ነበር። ስለዚህ የሌሊት ሰዎች፣ ጨረቃንና ባሕርን፣ ባዶ መንገድንና ሻማን የሚያነሡ ሁሉ ወደዱት። አንድ ሰው ከአንድ ፊልም ጋር አሥር ዓመት ሲኖር፣ ዓይኑ ራሱ በዚያ ፊልም ማየት ይለምዳል፤ ገና መዝጊያውን ሳይጫን ጥላው የት እንደሚወድቅ ያውቃል። ፊልሙ ሲቀር አብሮ የሚቀረው ይህ ዕውቀት ነው።

ይህ ኀዘን ደግሞ የኛ ዘመን ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ኤቫንስ (1853–1943) የሚባል ሰው ነበር። ኑሮውን የጀመረው በለንደን መጽሐፍ ሻጭ ሆኖ ነው፤ በርናርድ ሾው ወዳጁ ነበር፤ ሠዓሊው ኦብሪ ቢርድስሊ ገና ስም ሳይኖረው ለአሳታሚ ካስተዋወቁት አንዱ እሱ ነው። በኋላ መደብሩን ትቶ ካቴድራሎችን ማንሣት ያዘ። በ1903 በዌልስ ካቴድራል ያነሣው፣ እንደ ባሕር ማዕበል የሚጎርፍ የድንጋይ ደረጃ፣ እስከ ዛሬ ከታላላቅ የፎቶግራፍ ሥራዎች ይቆጠራል። ኤቫንስ ፎቶዎቹን የሚያትመው በፕላቲነም ወረቀት ላይ ነበር። የፕላቲነም ሕትመት አያንጸባርቅም፤ ጥቁሩ ከወረቀቱ ክር ጋር ይዋሐዳል፤ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው የግራጫ መሰላልም እጅግ ረጅም ነው። የድንጋይን ለስላሳ ብርሃን የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሊመኝ አይችልም።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ፕላቲነም ለፈንጂ የሚሆኑ አሲዶችን ለመሥራት ተፈለገ፤ ዋጋው ናረ፤ ወረቀቱ ጠፋ። ኮዳክ የፕላቲነም ወረቀቱን በ1916 አቆመ። ስለ ኤቫንስ የጻፉ ብዙዎች እንደሚነግሩን፣ ሌላው ወረቀት ሁሉ ለዓይኑ አልሞላለትም፤ ቀስ በቀስም ከፎቶግራፍ ሥራው ራቀ። ካሜራው አልተሰበረም፤ ዓይኑም አልጠፋም። በመጨረሻ ድምፁን የሚያስተጋባለት ግድግዳ ፈረሰበት፤ እሱም ዝም አለ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ አሜሪካዊው ኧርቪንግ ፔን ያንኑ የፕላቲነም ሕትመት እንደገና አነሣ። በመደብር ያልተገኘውን በገዛ እጁ ቀመረ፤ ወረቀቱን በአሉሚኒየም ላይ ለጥፎ መድኃኒቱን ራሱ ቀባ፤ ለዓመታትም እየሞከረ ሠራ። ኤቫንስ ከመደብር ሲጠፋበት የተወውን ፔን ከምንጩ ሄዶ ቀዳው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የአገራችን ቁም ጸሐፊ ይታወሰኛል። ቆዳውን ፍቆና ወጥሮ ብራናውን ያዘጋጃል፤ ቀለሙን ይበጠብጣል፤ መቃውን ይቀርጻል። ዕቃው ሁሉ ከእጁና ከአካባቢው የሚወጣ ስለሆነ፣ በሩቅ አገር የሚዘጋ ፋብሪካ ብዕሩን አያስቀምጠውም።

ፊልም ግን እንደ ብራና አይደለም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ፊልም የሚቀባው በድቅድቅ ጨለማ፣ ሕንፃ በሚያህል ማሽን ላይ ነው። ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለውና እጅግ ረጅም የሆነ ጥቅል በአንድ ጊዜ ይቀባና በኋላ በየመጠኑ ይቆራረጣል። እንዲህ ያለ ማሽን ጥቂት መሥራት አይችልበትም፤ የተሠራው ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያረጃል። ስለዚህ አንድ ፊልም የሚሞተው ወዳጅ ስላጣ አይደለም። ወዳጆቹ ማሽኑን ለማስነሣት የማይበቁ ጥቂቶች ሲሆኑ ነው። የብዙኃን ገበያ የፈጠረው ነገር ለጥቂቶች ፍቅር አይመጠንም።

ብዙኃኑ ወዴት እንደሄዱ ይታወቃል። በ1975 ስቲቭ ሳሰን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ያ ካሜራ አንዱን ሥዕል በቴፕ ክር ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ሥዕሉም ደብዛዛ፣ ጥቁርና ነጭ ነበር። ፊልምን የሚተካው ነገር በፊልም ሠሪው ቤት፣ በጥቁርና ነጭ መወለዱ የታሪክ ምጸት ነው።

የመጨረሻው መጀመሪያ የታየው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኮዳክ ቬሪክሮም ፓን የተባለውን አንጋፋ ፊልሙን በ2002 ተወ። በ2004 የእንግሊዙ ኢልፎርድ በዕዳ ተይዞ በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። በግንቦት 2005 የጀርመኑ አግፋፎቶ ኪሳራ አስታወቀ፤ በሌቨርኩሰን የነበረው ፋብሪካ ተዘጋ፤ የተረፉት ትላልቅ የፊልም ጥቅሎች በሌሎች ስም እየተቆራረጡ ለጥቂት ዓመታት ተሸጡ። በዚያው ዓመት ሰኔ ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት መሥራት እንደሚያቆም ተናገረ። በ2007 የማይታየውን ቀይ ብርሃን የሚያየው ኤች አይ ኢ ፊልሙ፣ በ2011 ደግሞ ፕላስ-ኤክስ ተከተሉ። ኮዳክ ራሱም በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በዚህ ጊዜ ፎቶ አንሺዎች በየፊናቸው መላ ፈለጉ። አንዳንዶቹ እንደኔ አከማቹ። ቅዝቃዜ የፊልምን እርጅና ያዘገያል እንጂ አያስቆመውም፤ ከምድርና ከሰማይ የሚመጣው ጥቂት ጨረር በፍሪጅም ውስጥ እየገባ ፊልሙን ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል። ሌሎች ወደ ቀረው ፊልም ተዛወሩ፤ የማጠቢያውን መድኃኒትና ጊዜ እየለዋወጡ የድሮውን መልክ ከአዲሱ ለማውጣት ወራት ፈጁ። አንዳንዶች ወደ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ተመልሰው በመስታወት ላይ በእጃቸው መቀባት ተማሩ።

ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ ያጋጠመው ለየት ይላል። እሱ የሚወደው ትራይ-ኤክስ አልቀረም፤ ከ2001 በኋላ በየአየር ማረፊያው የጠበቀው የኤክስሬይ ፍተሻ ግን ከአገር አገር የሚዘዋወረውን ፊልሙን አሠጋበት። «ዘፍጥረት» ብሎ በሰየመው ታላቅ ሥራው መካከል፣ በ2008፣ ወደ ዲጂታል ተሻገረ። ሲሻገር ግን ባዶ እጁን አልሄደም፤ የትራይ-ኤክስን ቅንጣት በዲጂታሉ ላይ እንዲመስልለት አደረገ፤ ሥራውንም እንደ ድሮው በወረቀት ላይ በተደረደሩ ትናንሽ ሥዕሎች እየመረጠ ቀጠለ። በግንቦት 2025 ሲያርፍ ከሁለቱም ዘመን የቀሩት ሥራዎቹ አንድ ድምፅ ነበራቸው።

ከሁሉ የሚያጽናናው ግን በፋብሪካው በኩል የሆነው ነው። የኢልፎርድ ሥራ አስኪያጆች በ2005 ድርጅቱን ራሳቸው ገዙት፤ በ1879 በመሠረተው በአልፍሬድ ሃርማን ስምም «ሃርማን ቴክኖሎጂ» አሉት። የብዙኃንን ገበያ ማሳደድ ትተው ጥቂቶችን በታማኝነት ማገልገል ሥራቸው አደረጉ፤ ኤች ፒ 5 የተባለው ፊልማቸው ዛሬም በገበያ ላይ አለ። በጣሊያን ፌራኒያ ሊፈርስ ከተቃረበ ሕንፃ ማሽኖችን ለማዳን ጥቂት ሰዎች በ2014 ከዓለም ዙሪያ ከሚገኙ ፊልም ወዳጆች ገንዘብ ለመኑ፤ በ2017 ፒ 30 የተባለውን የቀድሞ ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሙከራ መልሰው አወጡ።

አክሮስስ? ፉጂፊልም ከፊልም ገበያ መውደቅ የዳነው ስለ ጀላቲንና ስለ ቀለም መደብዘዝ ያካበተውን ዕውቀት ወደ ፊት ቅባት ጭምር በማዞር ነበር። አክሮስን በ2018 ሲተው ግን ቅሬታው በዛበት። በሰኔ 2019 ከገበያ በጠፉት ጥሬ ዕቃዎች ምትክ ሌሎች መፈለጉን፣ አሠራሩንም እንደገና መመርመሩን ገልጾ «አክሮስ ሁለተኛ» እንደሚመጣ አበሠረ፤ በኅዳር በጃፓን መሸጥ ጀመረ። ስሙ ተመለሰ። አንዳንዱ ያው ነው አለ፤ አንዳንዱ ወንድሙ ነው እንጂ እሱ አይደለም አለ።

በአገራችንም ይህ መለየት ደርሶብን ነበር፤ ያለቀስንለት ግን አይመስለኝም። ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ያነሡት ቦያጅያኖችም ሆኑ የሰፈራችን ፎቶ ቤቶች የሠሩት በባሕር ተሻግሮ በመጣ ፊልም ነው። የእናቴ የሠርግ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የኔ የልደት ፎቶ ባለ ቀለም ነው። በሁለቱ መካከል የሆነ ቀን፣ አንድ ፎቶ አንሺ የለመደውን ፊልም ለመጨረሻ ጊዜ አጥቧል። ማን እንደነበረ፣ በዚያ ቀን ምን እንደተሰማው የጻፈልን የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። እናቴ ሻማ አብርታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሲኒዋን ይዛ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ጥላዋ ከእሷ ገዝፎ ይወዛወዝ ነበር። ኤቫንስን አሰብኩ፤ ፍሪጁን ከፈትኩ። «ዛሬ መድኃኒትህን ልትወስድ ነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እስክነግርሽ ድረስ አትነቃነቂ» አልኳትና መዝጊያውን ከፍቼ ሃያ ሰከንድ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ «ቡናው ቀዘቀዘ እኮ» ብላ ሲኒውን አነሣች።

የቀሩትን በዚያው ሳምንት ደጃፋችንን፣ ዝናቡን፣ የጎረቤቶቻችንን ልጆች እያነሣሁ ጨረስኳቸው፤ ከዚያም መታጠቢያ ቤቱን አጨልሜ ፊልሙን አጠብኩት። እርጅናው ጠርዙን ጥቂት አደብዝዞታል። ፊቷ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ሲኒውና እጇ እንደ ጭስ ሆነው በመካከሉ ያልፋሉ። ሣጥኗ የነበረችበት ቦታ ላይ እናቴ አሁን ተጨማሪ ሎሚ አስቀምጣበታለች።