ጆኒ ሙላ እና «የጥበቃ» ሕጉ
ጆኒ ሙላ (የትውልድ ስሙ ኡናሪሚን) ከአውስትራሊያ ቀደምት የክሪኬት ተጫዋቾች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ገደማ በቪክቶሪያ፣ ሃሮው አቅራቢያ ተወለደ፤ ወገኑ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው ጃርድዋጃሊ ነው።

በ1868 እንግሊዝን የጎበኘው የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ክሪኬት ቡድን ተጫዋቾች ነባር ተወላጆች ነበሩ። ቡድኑ ካደረጋቸው 47 ግጥሚያዎች 14 አሸንፎ፣ 14 ተሸንፎ፣ በ19 አቻ ወጣ። ሙላ በ45ቱ ተሰልፎ 1,698 ነጥብ አስቆጠረ፤ 245 ተጋጣሚዎችንም ከጨዋታ አስወጣ።

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና፣ እኔን የሚከነክነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1869 ቪክቶሪያ የነባር ተወላጆች «ጥበቃ» ሕግ አወጣች። ሕጉ ተወላጁ የት እንደሚኖር፣ በምን ውል እንደሚሠራ፣ ልጁም በማን እጅ እንደሚያድግ የመወሰን ሥልጣን ለመንግሥት ሰጠ። ባሕር ተሻግሮ የተጨበጨበለት ሰው በገዛ አገሩ የሚያድርበትን ሌላ ሊወስንለት ቻለ ማለት ነው።

ሙላ በ1879 ለቪክቶሪያ ተሰልፎ የሎርድ ሃሪስን የእንግሊዝ ቡድን ገጠመ፤ በ1891 አረፈ። ከ2020 ጀምሮ በፈረንጆች ገና ማግስት በሜልቦርን የሚጀመረው ግጥሚያ ኮከብ በስሙ የተሰየመውን ሜዳሊያ ይሸለማል።

እኔ ግን በሕግ ርዕስ ላይ «ጥበቃ» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር፣ «ተጠባቂው ተጠይቋል ወይ?» እላለሁ።