ስለ መስተዋቱ ኩሬና ስለ ትንንሾቹ ዓሦች

በወዳጅ ቤት ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ መቀበያ ክፍል፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በለምለም ተክል መካከል አብረው የሚዋኙ ትንንሽ ዓሦች አይታችሁ ይሆናል። አንዱ ሲታጠፍ ሁሉም ይታጠፋሉ፤ አንዱ ሲደነግጥ ሁሉም ይሸሻሉ። ተመልካች ውበታቸውን ያደንቃል እንጂ፣ ያን ትንሽ ኩሬ በሕይወት የሚያኖረውን ዕውቀት ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ፈጀ አይገምትም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው፤ ዓመታቱም የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በቀድሞው ዘመን ዓሣን በብርጭቆ ዕቃ የሚያኖር ሰው ውሃውን ቶሎ ቶሎ ካልለወጠ ዓሣው ይሞትበት ነበር። የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ በ1779 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅጠል በውሃ ውስጥ ሆኖ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ንጹሕ አየር እንደሚያወጣ፣ በጨለማ ግን ይህን እንደማያደርግ አስረዳ።

ይህን ዕውቀት በሥራ ላይ ካዋሉት አንዱ በለንደን ከተማ የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን ነው። በ1849 ዓ.ም. ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ቫሊስኔሪያ ከተባለው የውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ አኖረ። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር፤ ኋላ ግን ያረጁት ቅጠሎች በስብሰው ውሃውን አደፈረሱት። ዋሪንግተንም ተስፋ ሳይቈርጥ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ጨመረ። እነርሱም የበሰበሰውን ቅጠል በሉ፤ ውሃው ጠራ፤ እንቍላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። የሙከራውን ውጤት በ1850 ዓ.ም. ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ።

ይሁን እንጂ አንድ ምሥጢር ገና አልተፈታም ነበር። ከዓሣ ኵስና ከምግብ ትርፍ አሞንያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ይህ መርዝ ወዴት ይሄዳል? መልሱን ለማግኘት ከረዱት አንዱ የዋሪንግተን ልጅ፣ የአባቱን ስም የያዘው ሮበርት ዋሪንግተን ነው። እርሱ በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሚመረምረው አፈርን እንጂ ዓሣን አልነበረም። ነገር ግን በአፈር ውስጥ አሞንያን የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት መሆናቸውን፣ ሥራውም በሁለት ደረጃ እንደሚፈጸም አሳየ። አንዱ ወገን አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ሩስያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪም በ1890 ዓ.ም. ከእነዚህ ፍጥረታት የመጀመሪያዎቹን ለይቶ አወጣ። በመስተዋቱ ኩሬ አሸዋና ድንጋይ ላይ የሚሰፍሩት እንዲህ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በመጨረሻ የሚገኘውንም ናይትሬት ተክሉ ይመገበዋል። ስለዚህ አባት የጀመረውን ልጅ ሳያስበው አሟላው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ትንንሾቹ ዓሦች እንመለስ። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ኒዮን ቴትራ የተገኘው በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ወንዝ አካባቢ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስም የሰጠው በ1936 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሊቅ ጆርጅ ማየርስ ነው። ቁመቱ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በጐኑ ያለው ሰማያዊ መስመር እንደ መብራት ያበራል። ለብቻው ሲሆን ይፈራል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው መከታው ማኅበሩ ነውና፣ ከስድስት ባያንስ፣ ዐሥርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ብዙ ሰው ዛሬ ሣጥኑን ገዝቶ ውሃ ይሞላል፤ ዛሬውኑ ዓሦቹን ይጨምራል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ሞተው ሲያገኛቸው ሻጩን ይወቅሳል። የሞቱት ግን ብዙ ጊዜ መርዙን የሚያጠፉት ረቂቃን ሠራተኞች ገና ስላልተራቡ ነው። ስለዚህ ተክሉን ተክላችሁ፣ በየጊዜው ቍንጥር የዓሣ ምግብ እየጣላችሁ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ታገሡ። አሞንያና ናይትራይት መጥፋታቸውን በመመርመሪያ ሳታረጋግጡ ዓሣ አታስገቡ። ከዚያም በኋላ ምግቡን አሳንሱ፤ በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አራተኛ ያህሉን፣ ክሎሩ በወጣለት ውሃ ለውጡ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው ሕይወት ነውና የሚለቀም የለም። የሚታየው ውበት በማይታዩ ሠራተኞች ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ጥቂት ሳምንት መታገሥ አይከብደውም።