የጣሪያ ማሰሪያ ገመድ
የእንሰት ቃጫ፤ በእጅ የተገመደ። ወልቂጤ አካባቢ፣ ሰባት ቤት ጉራጌ። 20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሁለተኛ አጋማሽ።

እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ ቃጫው ለገመድ ይተርፋል። ቤት ሠሪዎች በዚህ ቃጫ ወራጁን ከማገሩ ጋር ጠፍረው፣ ሾጣጣውን የሣር ጣሪያ በመሐል ምሰሶ ላይ ያሳርፉታል። ክብ ቅርጹ ነፋሱን በዙሪያው ያሳልፈዋል። ዛሬ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ቆርቆሮና ሚስማር በዝተዋል።

ይህ ጣሪያ የሚገጥመው የአካባቢውን ነፋስ ነው፤ የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ እዚህ ደጋ አይደርስም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቃት ባሕር ነውና። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በሶማሌላንድ በኩል የገባው ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልን ጎድቷል። ደጋው ከአውሎ ነፋስ ጋር ያለው ዝምድና ግን በሌላ በኩል ነው፦ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ላይ የተነሣውን አልቤርቶ የተባለውን አውሎ ነፋስ ወደ ኋላ ተከትለው፣ መነሻውን በኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ነጎድጓዳማ ደመና ላይ አግኝተውታል። የእኛ ሐምሌ፣ እዚያ ማዶ አውሎ ነፋስ ሆነ ማለት ነው። አልቤርቶ ዕድሜውን በባሕር ላይ ጨረሰ።