የባዶ ቀለህ ዋጋ፤ የቤት ውስጥ የጥይት መሙያ ጠረጴዛ አጭር ታሪክ

ጥይት ከአራት ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እነርሱም ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረርና መለኮሻ ካፕሱል ናቸው። መሣሪያው ሲተኮስ ባሩዱ ይቃጠላል፤ አረሩ ይሄዳል፤ ካፕሱሉም ተግባሩን ፈጽሞ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ቀለሁ ግን ይቀራል። ከአራቱ መካከል በአሠራር ረገድ ብዙ ድካም የሚጠይቀው ይኸው የነሐስ ቀለህ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ይጣል ወይስ እንደገና ይሞላ የሚለው ከመጀመሪያው አንሥቶ የምሕንድስና ጥያቄ ነበር። በአሜሪካ በአያሌ መኖሪያ ቤቶች ጓዳና ጋራዥ ውስጥ የሚታየው የጥይት መሙያ ጠረጴዛ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የነገሩ መነሻ አንዲት እጅግ ትንሽ ክፍል ናት። በካፕሱሉ ውስጥ ያለው ቅመም የሚለኮሰው በመሣሪያው መርፌና በአንዲት ጥቃቅን መስፍ መካከል ሲጨፈለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 አሜሪካዊው ሃይረም በርዳንና እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ካፕሱሉ በቀለሁ ግርጌ መካከል የሚገባበትን ዘዴ በየበኩላቸው አስመዘገቡ። በስሙ በሚጠራው የበርዳን ዘዴ መስፏ የቀለሁ አካል ስትሆን፣ እሳቱ ከጎኗ በተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት፣ ያልፋል። በቦክሰር ዘዴ ግን መስፏ ከካፕሱሉ ጋር የምትገባና አብራው የምትወጣ በመሆኗ ቀለሁ በመካከሉ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው።

ልዩነቱ ለተኳሹ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ለሚሞላው ሰው ግን ወሳኝ ነው። በቦክሰር ቀለህ ውስጥ አንድ ቀጭን ዘንግ በአፉ ገብቶ በመካከለኛው ቀዳዳ በማለፍ የተተኮሰውን ካፕሱል በአንድ ግፊት ያወጣዋል። በበርዳን ቀለህ ውስጥ ይኸው ዘንግ ከመስፏ ጋር ይጋጫል። የሚያስገርመው የአሜሪካዊው የበርዳን ዘዴ በአውሮፓ፣ የእንግሊዛዊው የቦክሰር ዘዴ ደግሞ በአሜሪካ መስፋፋቱ ነው። በአሜሪካ ቤት ውስጥ መሙላት የተለመደ ሥራ ሊሆን ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ቦክሰር ጥይቱን ያዘጋጀው ለስናይደር ጠመንጃ ሲሆን፣ ይህ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር መቅደላ ደርሷል፤ ስሙም ሰናድር ተብሎ በአማርኛ ቀርቷል።

የዚያን ጊዜው የቦክሰር ቀለህ ከስስ የነሐስ ቅጠል የተጠቀለለ እንጂ ደጋግሞ የሚሞላ አልነበረም። ኋላ ግን 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ካለው ነሐስ አንድ ወጥ ሆኖ የተሳበ ቀለህ ተተካ። ይህ ነሐስ ሲተኮስ ይለጠጣል፤ በመሙያው ቅርጽ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን እየጠነከረ ይሄድና አንገቱ ይሰነጠቃል። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ሰዎች አንገቱን በእሳት ያለሰልሳሉ። በሕንድ አገር የእንግሊዝ ጦር ጥይቶች በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣዎች ውስጥ ተከማችተው ይሰነጠቁ የነበረውም የነሐሱ ውስጣዊ ውጥረት ከአሞኒያ ጋር በመገናኘቱ መሆኑን ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1921 አስረድተዋል። ቀለህ አሞኒያ ባለበት ማጽጃ እንዳይታጠብ የሚመከረው ከዚህ የተነሣ ነው።

የቤት መሙያ መሣሪያ በፋብሪካ ተሠርቶ መሸጥ የጀመረው በጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በአሜሪካ ሜዳዎች ጎሽ የሚያድኑ ሰዎች በየሰፈራቸው አረር እያቀለጡ ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ባርሎው በኮኔክቲከት ያቋቋመው አይዲያል የተባለው ድርጅት ጉጠት የሚመስል የእጅ መሣሪያ አቀረበ፤ ድርጅቱም በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ ላይማን ኩባንያ ተዛወረ። በዚያ ዘመን ስሕተት በቀላሉ አይደርስም ነበር። 45-70 የተባለው የጦር ሠራዊት ጥይት ስሙ ራሱ መለኪያ ነው፤ 45 የአረሩን ውፍረት በኢንች መቶኛ፣ 70 ደግሞ የባሩዱን ክብደት በግሬን ያመለክታል። ባሩዱ ቀለሁን ይሞላው ስለነበረ በእጥፍ የጨመረ ሰው ወዲያው ያያል፤ ትርፉ ይፈስሳልና።

እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሲፈጥር ይህ የተፈጥሮ ጥበቃ ቀረ። አዲሱ ባሩድ በትንሽ መጠን ከፍተኛ ኃይል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1898 በወጣው 38 ስፔሻል በተባለው የሽጉጥ ጥይት ዓይነት፣ ለጥቁር ባሩድ ተብሎ በተመጠነው ቀለህ ውስጥ ጭስ አልባው ባሩድ ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁለት ጊዜ ቢጨመርም ሳይፈስስ ሊቀር ይችላል። የዚህ ስሕተት ዋጋ የፈነዳ መሣሪያ፣ የጠፋ ዓይን ወይም የተቆረጠ ጣት ነው። ስለሆነም የጠረጴዛው ዋና መሣሪያ ጉጠቱ መሆኑ ቀርቶ ሚዛኑ ሆነ። የሚመዝነውም በግሬን ሲሆን አንዱ ግሬን 0.0648 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቪሉን ገበያ ባዶ ባደረገበት ወቅት ሥራው አዲስ ኃይል አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1943 ፍሬድ ሀንቲንግተን በካሊፎርኒያ ግዛት በኦሮቪል ከተማ፣ በአባቱ የልብስ ንጽሕና መስጫ ሱቅ ጓሮ፣ ከተጣሉ የ22 ካሊበር ቀለሆች የአረር ልባስ የሚያወጣ ቅርጽ ሠራ። አር.ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው ድርጅት ስሙን ያገኘው ከዚሁ መሣሪያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብሩስ ሆጅደን ከመንግሥት የተረፈውን ባሩድ ገዝቶ ለግለሰቦች ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ሪቻርድ ሊ በመዶሻ ብቻ የሚሠራ አነስተኛ መሙያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ጥይት ሠርቶ ለመሸጥ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ለራስ መሙላትን ፈቅዶ ቆይቷል።

እንግዲህ ዛሬ በደንብ የተደራጀ ጠረጴዛ ቢታይ አቀማመጡ የዚህ ታሪክ ውጤት መሆኑ ይታወቃል። ጠረጴዛው መጭመቂያው ሲሳብ እንዳይነቃነቅ ከግድግዳ ጋር ይታሰራል። ሚዛኑ ነፋስና ንዝረት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። በጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በላይ አይወጣም፤ እርሱም ከፋብሪካ በመጣበት ዕቃ ይቆያል። ካፕሱሎች ከመጡበት ካርቶን ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጡም፤ በጅምላ ከተከማቹ የአንዱ መለኮስ ሁሉንም ያፈነዳልና። የተሞሉ ቀለሆች በእንጨት ገበታ ላይ ተደርድረው አረሩ ከመግባቱ በፊት በመብራት አንድ በአንድ ይታያሉ። ትምባሆ አይጨስም፤ የዓይን መከላከያ ይደረጋል፤ የእርሳስ ብናኝ ስለሚኖር እጅ ይታጠባል።

ከዚህ ሁሉ ለመሐንዲሱ የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ቴክኒኩ በተሻሻለ ቁጥር ስሕተቱ ከዓይን እየተሰወረ ሄዷል። በጥቁሩ ባሩድ ዘመን አደጋውን ይገልጥ የነበረው የቀለሁ መጠን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ይህን ተግባር የተረከቡት ሚዛኑ፣ ገበታውና መብራቱ፣ በአጠቃላይም የሥራ ቦታው ሥርዓት ናቸው። በማናቸውም ወርክሾፕ አዲስ ማቴሪያል ሲገባ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ አሮጌው ማቴሪያል ሳይነገርለት ይጠብቀን የነበረው ከምን እንደሆነና አሁን ያንን ጥበቃ ማን እንደሚተካው ነው።