ምርኮና ውርስ በሐራጅ፦ ከደላንታ ሜዳ እስከ ሟች ሳጥን

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚያስተምሩና የሚያሰግዱ ወንድሞቻችን ደጋግሞ የሚገጥማቸው አንድ ጉዳይ አለ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከስልጤ፣ ከአርሲ ወይም ከሐረርጌ መጥቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ የከተመ አንድ አባወራ ወደ አኼራ ይሄዳል። ቀብሩ ይፈጸማል፣ ለቅሶው ይነሣል፤ ከዚያም ልጆቹ ኢማሙን ጠርተው ውርሱን እንዲያካፍሏቸው ይጠይቃሉ። ቤቱና ይዞታው ይቆጠራል፤ በመጨረሻ ሳጥኑ ይከፈታል። በሳጥኑ ውስጥ ከአያት የወረደ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ፣ በቦምቤይ ወይም በካይሮ የታተመ አሮጌ መጽሐፍ፣ ጥቂት ማርትሬዛ ብር፣ አንድ ሐጃጅ ከጂዳ ያመጣው የጥቁር መርጃን ሙስበሐ ሊገኝ ይችላል። ቤቱን ለማካፈል የታወቀ ሥርዓት አለ። ስለ ሳጥኑ ግን የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ «ይሸጥና ገንዘቡን እንካፈል።»

ይህ መልስ በራሱ ስሕተት ነው አንልም። ወራሾች ሐቅ አላቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ የቲሞች ይኖራሉ። ልናሳስብ የምንፈልገው ከመልሱ ስለሚቀድመው ጥያቄ ነው። ሐራጅ ዕቃን ከእጅ ወደ እጅ ያሻግራል እንጂ የባለቤትነትን ጥያቄ አይመልስም። ያ ጥያቄ በጊዜው ካልተጠየቀ፣ ትውልድ ካለፈ በኋላ ጠያቂው ሩቅ፣ መላሹም ዝምተኛ ይሆናል። ለዚህ የአገራችን ታሪክ ግልጽ ምስክር አለው።

ሊቃውንት ስለ ሐራጅ ያሉት

በአማርኛ «ሐራጅ» የምንለው ቃል ከዓረብኛው ሐራጅ ጋር አንድ ነው፤ «ደላላ»ም እንዲሁ። ፉቀሃእ ይህን ሽያጭ «በይዑል ሙዛየዳ» ይሉታል፤ ተጫራቾች ዋጋ እየጨመሩ የሚገዙበት ሽያጭ ማለት ነው። ከአነስ (ረ.ዐ.) በተላለፈውና ቲርሚዚ «ሐሰን» ባሉት ሐዲስ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድን ችግረኛ አንሷሪ መደረቢያና የመጠጫ ዕቃ ለሚጨምር ሰው አቅርበው፣ አንዱ አንድ ዲርሃም ሲል ሌላው ሁለት በማለቱ ለሁለተኛው ሸጠዋል። በሰነዱ ላይ የተናገሩ ሙሐዲሶች ቢኖሩም አብዛኞቹ ዑለማእ ሙዛየዳን የተፈቀደ አድርገው ይዘውታል። ኢማም ቡኻሪም በሶሒሓቸው ለሙዛየዳ ራሱን የቻለ ባብ ከፍተው፣ ታቢዒዩ ዐጣእ ያገኟቸው ሰዎች ምርኮን ለሚጨምር መሸጥን እንደማይነቅፉ የተናገሩትን አስፍረዋል።

ኢማም አል-አውዛዒን የመሰሉ ሊቃውንት ግን ፈቃዱን በሁለት ነገሮች ወስነውታል፦ በምርኮና በውርስ። ጁምሁሩ በዚህ ባይገድቡትም ሁለቱ ተለይተው መጠቀሳቸው ትርጉም አለው። ምርኮም ውርስም ባለሐቁ ብዙ ነው፤ ዕቃው ግን ተሰንጥቆ አይከፈልም። አንድ ሰይፍ ለመቶ ዘማች፣ አንድ ሙስሐፍ ለሰባት ወራሽ አይካፈልም። ስለዚህ ዕቃው በግልጽ ይሸጣል፣ ዋጋው ይከፈላል። መግዛት ሳይሻ ዋጋ የሚያንር ሰው ደግሞ «ነጅሽ» የተባለውን ክልክል ሥራ ይሠራል፤ ክልከላው በቡኻሪና በሙስሊም የጸና ነው።

ይሁንና እነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ የሚሠሩት የሚሸጠው ነገር በእርግጥ የሻጮቹ ሲሆን ነው። የሟች ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የቀብሩ ወጪ ይነሣል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ ከሲሶ ያልበለጠው ወሲያ ይፈጸማል። በአደራ የተቀመጠ፣ በውሰት የመጣ ወይም ከሰው የተነጠቀ ነገር ከመነሻውም የሟች አይደለም፤ በሞቱም ለወራሽ ንጹሕ ሆኖ አይተላለፍም። ወቅፍም እንዲሁ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉ፣ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ፣ ፍሬው ግን ለተገቢው እንዲውል ተደርጓል። ለተማሪዎች ወቅፍ የተደረገ ኪታብም በአንድ ሸይኽ ሳጥን ውስጥ አርባ ዓመት ቢቀመጥ የሸይኹ ልጆች ንብረት አይሆንም።

ምርኮው ውርስ የሆነበት ታሪክ

በ1284 ሂጅራ ማብቂያ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. (ኤፕሪል 1868 እ.ኤ.አ.)፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። ወታደሮቹ ከአምባው የዘረፉት መጻሕፍት፣ መስቀሎች፣ ጋሻዎች፣ አልባሳትና ጽዋዎች ተሰበሰቡ። ዕቃውን በሽሎን አሻግሮ ወደ ደላንታ ሜዳ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተመዝግቧል። በዚያ ሜዳ፣ በዛሬዋ ወሎ ምድር፣ ሁለት ቀን የፈጀ ሐራጅ ተካሄደ። 5,000 ፓውንድ ገደማ ተገኘ፤ ለወታደሮቹም ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር፤ ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት አስገኝቷል። ጭነቱ ከዚያ ወደ ሰሜን ተጉዞ በዙላ፣ ከጥንታዊቷ የአዱሊስ ወደብ አጠገብ፣ በመርከብ ተጭኖ በቀይ ባሕር ሄደ።

የደላንታው ሐራጅ በሥርዓት የተካሄደ ነበር፤ አጫራች ነበረ፣ ተጫራች ነበረ፣ ዋጋው በግልጽ ተጠርቷል፣ ገንዘቡም ተከፋፍሏል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ የባለቤቶቹ ፈቃድ። በ1871 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን እነዚያ ዕቃዎች መወሰዳቸው እንዳሳዘናቸው በፓርላማ ተናግረዋል። ኀዘኑ ግን ዕቃውን አልመለሰም። ገዢዎቹና ወታደሮቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ አረጁ፣ ሞቱ፤ ምርኮውም ውርስ ሆነ። አውዛዒ ለይተው የጠቀሷቸው ሁለቱ በሮች እዚህ ላይ ተገናኙ።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. (ጁን 2021 እ.ኤ.አ.) በደቡብ እንግሊዝ በብሪድፖርት ከተማ፣ በዘመቻው የነበረው የሜጀር ጄኔራል ዊልያም አርቡትኖት ንብረት የነበሩ አንድ የግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ቀረቡ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ አቤቱታ አቀረበ፤ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ። ኋላም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቷቸው በዚያው ዓመት ለኤምባሲው ተሰጡ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒውካስል አንድ ጋሻ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ኢትዮጵያ ተቃወመች፤ ጋሻው ከጨረታው ወጥቶ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። በጋሻው ላይ የመቅደላ ስምና የወደቀችበት ቀን ተቀርጾ ነበር። ዕቃው የማን እንደነበረና እንዴት እንደተወሰደ በራሱ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት ግን ያ ጽሑፍ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ጌጥ ተነበበ፤ በገበያም ዋጋ የሚጨምር ምልክት ሆነ።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ንብረት ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» ሊል ይችላል። ሐቅ ግን በሃይማኖት አይከፈልም፤ የነጠቀና የተነጠቀ በአላህ ፊት የሚቆሙት በድርጊታቸው ነው። ታሪኩም ከዚህ የተወሳሰበ ነው። መቅደላ ራሷ ቴዎድሮስ በ1855 እ.ኤ.አ. ከወሎ ገዢዎች የወሰዷት አምባ ነበረች፤ በውስጧ የተከማቹት መጻሕፍትም ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ይበዙባቸዋል። አንድ ነገር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከቦታው ከተነሣ፣ ሁለተኛው አንሺ የመጀመሪያውን ምክንያት አድርጎ ይቀጥላል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው አንድ ሰው ቆሞ «ይህ የማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

በባሕር የመጣና በባሕር የሄደ

ከሶሓቦች የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ነጃሺ የመጡት በባሕር ነው። ከዚያ ወዲህ ቀይ ባሕር ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች የዕውቀት መንገድ ሆኖ ኖሯል፤ ሐጃጁ፣ ነጋዴው፣ ተማሪውና ኪታቡ በእርሱ ተመላልሰዋል። ዛሬ በሳጥኖቻችን የሚገኘው ብዙ ነገር የዚያ ጉዞ ቅሪት ነው።

በሐረርና በሌሎች አካባቢዎች የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችን ወረቀት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ የሚመለከት ሰው፣ በብዙዎቹ ውስጥ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተሰለፉ ሦስት ጨረቃዎችን ያያል። ይህ ወረቀት በጣሊያን ለምሥራቅ ገበያ የተሠራ ነው፤ ሁለት ባሕር አቋርጦ ደርሶናል። በ1162 ሂጅራ (1749 እ.ኤ.አ.) የተጻፈና ዛሬ ለንደን ውስጥ በኻሊሊ የግል ስብስብ የሚገኝ አንድ የሐረር ሙስሐፍም አለ። አጥኚዎች አጻጻፉንና ጌጡን መርምረው ከህንድ ሙስሐፎች ጋር ያለውን ዝምድና አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ጥናት የተቻለው ዘመኑ በራሱ ላይ ተጽፎ በመቆየቱ ነው። የመጨረሻው ቅጠል ተቀድዶ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው የቆንጆ ጽሑፍ ስም የለሽ ቁራጭ ነበር።

ከዚህ የሚብሰው የዳህላክ ነው። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ባሉት በዳህላክ ደሴቶች፣ ከ10ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የኖረው ሙስሊም ማኅበረሰብ በመቃብሮቹ ላይ በዓረብኛ የተቀረጹ ድንጋዮች አቁሟል። የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የቁርኣን አንቀጽ በጥንቃቄ ተቀርጾባቸዋል። ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ ከመቃብራቸው ተነሥተው፣ ከፊሎቹ በካይሮ፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ድንጋዩ ተጠብቋል፤ አጥኚም አንብቦታል፤ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን ስሙ ከአጥንቱ ተለይቷል፤ ዚያራ የሚያደርግ ሰው በዚያ ቦታ ማን እንደተኛ አያውቅም። መቃብር ደግሞ ለሽያጭ የሚቀርብ ንብረት አልነበረም።

ከሳጥኑ ፊት ያለው ኢማም

ወደ ጀመርንበት እንመለስ። በሰበታ ወይም በሱሉልታ የሟችን ሳጥን የሚከፍተው ኢማም ዓረብኛውን ማንበብ የሚችል የመጨረሻው ሰው ሊሆን ይችላል። ልጆቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ የአባታቸውን ኪታብ ከሽፋኑ በቀር አያውቁትም። ደላላው ዋጋውን እንጂ ጽሑፉን አይፈልግም። ስለዚህ ኢማሙ ያላነበበው ነገር ሳይነበብ ይሸጣል።

እንዲህ ቢደረግ መልካም ነው እንላለን። ከሁሉ አስቀድሞ የእያንዳንዱ ኪታብ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠል ይነበብ። የወቅፍ ቃል ካለ ኪታቡ ከውርሱ ይውጣ፤ የአደራ ወይም የውሰት ምልክት ካለ ባለቤቱ ይፈለግ። የጸሐፊው ስም፣ ዘመኑ፣ አገሩና ያለፈባቸው እጆች በመዝገብ ይጻፉ፤ በስልክም ቢሆን ፎቶ ይነሡ። ወራሾች በወቅፉ ላይ ከተከራከሩ ጉዳዩን ተስማምተው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይውሰዱት፤ አዋጅ ቁጥር 188/1992 በፌዴራል ደረጃ እንዲህ ያለውን የወቅፍና የውርስ ጉዳይ ለእነዚህ ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል።

የወራሾች መሆኑ የተረጋገጠው ደግሞ እንደ ተራ ዕቃ ወደ ውጭ አይጣደፍ። አንዱ ወራሽ ኪታቡን ወስዶ ከሌላው ድርሻው እንዲቀነስ መስማማት ይቻላል፤ ፉቀሃእ ተኻሩጅ የሚሉት ይህን መሰሉን ስምምነት ነው። ካልሆነም ሐራጁ መጀመሪያ በወራሾች መካከል፣ ቀጥሎ በጀማዓው መካከል ይሁን፤ የሚገዛው ሰው መልሶ ወቅፍ ቢያደርገው ወራሹ ዋጋውን፣ ተማሪው ኪታቡን ያገኛል። የየቲም ድርሻ ባለበት ዋጋው በሚያውቁ ሰዎች ይገመት፤ «ለዲን ነው» በሚል ሰበብ የየቲም ገንዘብ በርካሽ አይወሰድ። በአገሪቱ ሕግም የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለሌላ ለማስተላለፍ የሚሻ ባለይዞታ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል።

ገዢ ሁሉ ደግሞ አጥፊ አይደለም። በሐረር አብዱላሂ ሸሪፍ ከነዋሪዎች እጅ ለዓመታት የሰበሰቧቸው ኪታቦች፣ ሳንቲሞችና አልባሳት ዛሬ በስማቸው በሚጠራው ሙዚየም ለሕዝብ ይታያሉ። የእርሳቸውን ገዢነት ከደላንታው የሚለየው የተከፈለው ዋጋ መጠን አይደለም። ዕቃው ከሰጪው ፈቃድ ጋር መምጣቱ፣ ከአገሩ አለመውጣቱና ታሪኩን ይዞ መቆየቱ ነው።

የደላንታ ተጫራቾች ስለ ዋጋ ብዙ ጠየቁ፤ ስለ ባለቤት ግን አልጠየቁም። ያን ያልተጠየቀ ጥያቄ ልጅ ልጆቻቸው በ2021ና በ2024 እንዲመልሱት ተገደዱ። እኛ ለልጆቻችን ልናወርሳቸው የሚገባው የተመለሰ ጥያቄ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ኢማሙ የመጀመሪያውን ቅጠል ገልጦ በወራሾቹ ፊት ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይጠራ።

ወላሁ አዕለም።