ጆሮ ሰምቶ፣ ጣት አንብቦ

ልንገራችሁ፤ እናንተም አድምጡኝ። ጥቁር ሰሌዳ አገራችን ሳይገባ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ብዙው ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ ይሄድ ነበር። ሲመሽ የቃል ትምህርት ይጀመራል። መብራት የለም፤ የሚያየውም የማያየውም ተማሪ በአንድ ጨለማ ተቀምጦ እኩል ይቀጽላል። የተማሪውን ቁራሽ እንጀራ የሚሰጠው መንደሩ ነው። በዚህ መንገድ ስንት ዓይነ ስውር ሊቅ ወንበር ዘርግቶ አስተማረ!

ዘመን ዘመንን ተካ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘማቹ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ዘለቀ፤ እናት ልጇን አዝላ፣ አባት ከእርሻ መልስ «ሀ ሁ» አሉ። ትምህርቱ እያደር በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አገኘ። ትልቅ ሥራ ነበር። በጠመኔ የተጻፈ ፊደል ግን ለማያይ ሰው ዝም ይላል።

ዝም ያለውን ፊደል የሚያናግረው ብሬል ነው። ስድስት ነጥብ! ወፍራም ወረቀት ስሌት በሚባል መያዣ ይያዛል፤ ስታይለስ በሚባል መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ሲገለበጥ ነጥቡ ጎላ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይነበባል። የአማርኛው ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋል። ስለዚህ ጎልማሳው 33ቱን ፊደል በ7 ቤት አባዝቶ 231 ቅርጽ አይሸከምም፤ ተነባቢዎቹንና ጥቂቶቹን አናባቢዎች ከለየ ማንበብ ይጀምራል።

ሕጉም አለ። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የጎልማሶች ትምህርት ያለ አድልዎ እንዲዳረስ ያዛል።

የቀረው በእኛ እጅ ነው፣ ወገኖቼ። የጎልማሶች ትምህርት አመቻቹ በሰሌዳ የጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያንብብ። በዊልቸር የሚሄድ ጎረቤት ካለ፣ ክፍሉ ከፎቅ ወደ ምድር ይውረድ። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ይፈለግ። በየቤቱ አካል ጉዳተኛ ማን እንዳለ ዕድሩ ያውቃል፤ ከጓዳ የቀረችውን እህት መማር ትፈልግ እንደሆነ ራሷን ጠይቋት፤ ሌላ ሰው አይመልስላት። ምዝገባ ሲከፈትም የመጀመሪያውን ስም ከእነዚያ ቤቶች ጻፉ።