የጥቁር ባልጩት ጉዞ በቀይ ባሕር ደሴቶችና ዳርቻዎች

ስለ አገራችን ጥንታዊ ንግድ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምረው ከአዱሊስ ወደብ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን ጽሑፍ ስላልተወልን ብቻ እንደ ባዶ ቤት ይታለፋል። እኛ በዚህች አጭር ጥናት ለማስረዳት የምንሞክረው የቀይ ባሕር ሁለቱ ዳርቻዎች አክሱም ከመነሣቷ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድመው ይገናኙ እንደነበረ፣ ለዚህም ምስክሩ ብራና ሳይሆን ድንጋይ መሆኑን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ድንጋዩ ጥቁር ባልጩት ነው፤ የውጭ ሊቃውንት ኦብሲዲያን ይሉታል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዓለት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ ሆኖ ይረጋል፤ ሲፈለጥም ጠርዙ እንደ ምላጭ ይስላል። ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተሠርቶበታል። በጉራጌ፣ በሐዲያና በሲዳማ ያሉ ቆዳ ፋቂዎችም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ይገለገሉበት ነበር።

ይህ ድንጋይ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመው ግን ስለ ስለቱ አይደለም፤ የትውልድ አገሩን የማይደብቅ በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ምንጭ በውስጡ ያለው የሩቢዲየም፣ የዚርኮኒየምና የመሳሰለው ንጥረ ነገር መጠን ለብቻው ስለሆነ፣ ከሩቅ አገር የተገኘ ስባሪ ከየትኛው ምድር እንደ ተነሣ በምርመራ ይታወቃል። ካንና ሬንፍሩ የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት በ1964 ይህን ዘዴ በሜዲትራኒያን አገሮች ላይ ካሳዩ ወዲህ ብዙ ነገር ተገልጧል። በግሪክ በፍራንክቲ ዋሻ የተገኘው ባልጩት ከሚሎስ ደሴት የመጣ ነው፤ ስለዚህ ሰው ከ10,000 ዓመት በፊት ባሕር ይሻገር ኖሯል። በፓሲፊክ ውቅያኖስም ከኒው ብሪታንያ ደሴት የተነሣ ባልጩት ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ፊጂ ድረስ ሄዷል።

ወደ ቀይ ባሕር እንመለስ። ዛሬ በኤርትራ ግዛት የሚገኙት የዳህላክ ደሴቶች የዛጎልና የኖራ ድንጋይ ምድር ናቸው እንጂ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው አይደሉም። ይሁን እንጂ ከባልጩት የተፈለጡ መሣሪያዎች ተገኝተውባቸዋል፤ ብላንክ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1955 በታተመ ጽሑፉ ገልጿቸዋል። እንግዲህ ድንጋዩን ወደ ደሴቱ ያመጣው የሰው እጅ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ወዲያው «በጀልባ መጣ» ብሎ መደምደም ግን ችኰላ ይሆናል። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት የባሕሩ ወለል ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ስለነበረ በዳህላክና በምጽዋ መካከል ያለው ጥልቀት የሌለው ባሕር ደረቅ መሬት ነበር፤ በእግር መሄድ ይቻል ነበር ማለት ነው። የመርከብ ነገር በእርግጥ የሚነሣው ባሕሩ የዛሬውን ከፍታ ከያዘ በኋላ፣ ማለት ባለፉት 6,000 ዓመታት ገደማ ስለ ሆነው ነው።

ለዚህም ዘመን ምስክር አለ። ግብፅ የባልጩት ምንጭ የላትም። ዳሩ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት፣ ፈርዖኖች ገና ሳይነግሡ፣ በነቃዳ ዘመን መቃብሮች ውስጥ ባልጩት ይገኛል፤ ምርመራውም በብዙው የሚያመለክተው ወደ ደቡብ ቀይ ባሕር ነው። ከ2001 ጀምሮ በተቈፈረው በመርሳ ገዋሲስ፣ የግብፅ መርከቦች ወደ ፑንት ይነሡበት በነበረው ወደብም፣ ከመርከብ ሳንቃዎች ጋራ ባልጩት ተገኝቷል። ማዶ በየመን ቲሃማ ጠረፍ ደግሞ በ2ኛው ሺህ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠሩ፣ ከአፍሪካው ዳርቻ ሥራ ጋራ የሚመሳሰሉ ጥቃቅን የባልጩት ስለቶች አሉ። የየመን ደጋ የራሱ ባልጩት እያለው የጠረፉ ሰው ከአፍሪካ በኩል ካሉት ጋራ መመሳሰሉ በጣም የሚያስገርም ነው። ባሕሩ ለእርሱ ከተራራው ይልቅ የቀረበ መንገድ ነበር እንላለን።

«ንግድ» የሚለውን ቃል ግን በጥንቃቄ ልንጠቀምበት ይገባል። ሚዛንና ገንዘብ ያለበት ገበያ በዚያ ዘመን አልነበረም። አንዱ መንደር ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለቀጣዩ እያቀበለ፣ በጋብቻና በስጦታ ጭምር ድንጋዩ ሩቅ ሊደርስ ይችላል። በየብስም በከሰላ ምድር በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገድ ነበረ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም መንገዶች ይሠሩ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጠው የሚከራከሩ ጸሐፊዎች ነገሩን ያጠብቡታል።

«ጀልባው ታዲያ የት አለ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ለዚህ መልስ ከፔዳ ወጥቶ ወደ ጣና ዳር መውረድ ይበቃል። ታንኳ ከደንገል ታስሮ ይሠራል፤ ውሃ እየጠጣም በጥቂት ወራት ያረጃል። በዚህ ታንኳ ስንቱ እህል፣ ስንቱ እንጨት ከደሴት ወደ ደሴት ተሻግሯል! ከሺህ ዓመት በኋላ በደሴቶቹ ላይ የሚቈፍር ሰው የሚያገኘው ወፍጮውንና የሸክላውን ገል እንጂ ታንኳውን አይደለም። ወፍጮው ዋኝቶ እንዳልደረሰ ግን ያውቃል።

በኋላ ዘመን ጽሑፍም መጣ። በ1ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መጽሐፍ፣ ከአዱሊስ በኋላ ባለ አንድ ወሽመጥ አሸዋ ሥር የተቀበረ ባልጩት እንደሚገኝ ይናገራል፤ ቦታው ሐዋኪል ነው የሚባለው። የሮማው ፕሊኒ ደግሞ ድንጋዩ ስሙን ያገኘው በኢትዮጵያ ካገኘው ሰው መሆኑን ጽፏል። በዚያን ጊዜ ብረት ስለ ገባ ባልጩት የጥንት ክብሩ ቀንሶ ነበር። ያው የግሪክኛ መጽሐፍ ከአዱሊስ ፊት ለፊት ስላሉት አሸዋማ ደሴቶችም ይናገራል፤ ዓሣ በሊታዎች ብሎ የሚጠራቸው ሰዎች ከዚያ የኤሊ ልብስ እየጫኑ ወደ አዱሊስ ገበያ ያመጡ ነበር። ጭነቱ ተለውጧል፤ ደሴቶቹና መሻገሪያው ግን እነዚያው ናቸው።